ስለ ሱስ ምክርና ስለ መምህራኖቻችን

(የተማሪዎች ማኅበር በአየር ጤና ባደረገው የውይይት ስብሰባ ላይ በምክር ትምህርት ተማሪዎች ስም የተነገረ)



ስብሰባችንን ዛሬ ከግቢው አዳራሽ አውጥተን ወደ አየር ጤና ያመጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎቹ በዚህ ሰፈርና በአካባቢው፥ በዓለም ባንክ፥ በቤቴልና በዘነበ ወርቅ፥ አንዳንዱ ከወላጆቹ ጋራ፥ አንዳንዱም ቤት ተከራይቶ የሚኖር ነው። ጧት ታክሲ ተሰልፈን ወደ ትምህርታችን እንሄዳለን፤ ማታ ከታክሲ ስንወርድ ደግሞ የጫት መሸጫውና የአረቄ ቤቱ በራቸውን ከፍተው ይቀበሉናል። ስለ ሱስ የምንማረው እዚያ፥ ሱስን የምናየው እዚህ ነው ማለት ነው። የዛሬው ንግግራችን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለው ርቀት፥ ርቀቱንም ሊያሳጥሩልን ስለሚችሉት ሰዎች፥ ይኸውም የምክርንና የሱስን ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ስለሚያስተምሩን መምህራን ነው።

ስለ መምህራኑ ከመናገራችን በፊት ግን ከራሳችን ጥፋት እንጀምር።

አምና አምስት ሆነን እዚሁ አየር ጤና ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ከአምስታችን ሦስቱ የምክር ትምህርት ተማሪዎች ነን። አምስተኛው ጓደኛችን በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጥ፥ ብዙ ዓመት በሥራ ቆይቶ ዲግሪውን ለመጨረስ የተመለሰ ሰው ነበር። እንደ ታላቅ ወንድም እናየው ነበር። የቤት ኪራይ ሲያጥረን የሚሞላልን፥ ሒሳብ ሲከብደን የሚያስረዳን እሱ ነው። ይህ ሰው ከቀትር በኋላ ይቅማል፤ ሲመሽ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል። በመጀመሪያ ቢራ ነበር፤ በኋላ አረቄ ሆነ፤ በመጨረሻም ጧት አንድ መለኪያ ካልቀመሰ እጁ እየተንቀጠቀጠ ብዕር መያዝ ተሳነው።

እኛም የምናውቀውን አደረግን። እንደ ሽማግሌ ተሰብስበን መከርነው፤ ገሠጽነው፤ በእናቱ ስም አስማልነው። መሐላው ሦስት ቀን ሳይቆይ ሲፈርስ ተቆጣን። አንድ ዓርብ ማታ ገንዘቡንና ስልኩን ተቀብለን፥ የቀረውን አረቄ ደፍተን፥ ከነገ ጀምሮ አንዲት ጠብታ አይቀምስም ብለን ወሰንን። ቅዳሜ ላብ አጠመቀው፤ ይንቀጠቀጣል፤ እንቅልፍ የለም። እኛ ሱሱ እየለቀቀው ነው ብለን ደስ አለን። እሑድ ሊነጋ ሲል ከአልጋው ወድቆ መላ አካላቱ ይንፈራገጥ ጀመር፤ አረፋም ደፈቀ። አከራያችን እትዬ ጠበል ይዘው እየሮጡ መጡ፤ ጎረቤት መኪናውን አስነሣ፤ ሆስፒታል አደረስነው። ተረኛው ሐኪም በመጀመሪያ የጠየቀን፥ «መጠጥ ካቆመ ስንት ሰዓት ሆነው? በቀን ምን ያህል ይጠጣ ነበር?» የሚል ነበር። አራታችንም እርስ በርሳችን ተያየን። አንድ ዓመት አብረነው ስንኖር ይህን ጠይቀነው አናውቅም።

ጓደኛችን በሕክምና ዳነ። ወደ ትምህርቱ ግን አልተመለሰም፤ በእኛ ፊት ወድቆ መታየቱን አልቻለውም። አሁን ከዘመዶቹ ጋራ በትውልድ ከተማው ይኖራል። ይህን ታሪክ እንድንናገር በስልክ ጠይቀነው፥ «ስሜን ብቻ አትጥሩ፤ ሌላውን ተናገሩ፤ ለሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል» ብሎ ፈቅዶልናል።

ነገሩን ለአንድ መምህራችን ሄደን ብንነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም፥ «መከራችሁት፤ እሺ። ምን ጠየቃችሁት?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ይህች የመምህራችን ጥያቄ ናት ለዛሬው ንግግር ያነሣሣችን።

እንግዲህ በዚያን ሌሊት ምን እንደ ሆነ ዛሬ ተምረን ዐውቀናል። አልኮል የአንጎልን ሥራ የሚያቀዘቅዝ ነገር ነው። ሰው ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ አንጎሉ ይህን ቅዝቃዜ ለማካካስ ራሱን ያፋጥናል። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ የሚያቀዘቅዘው ይጠፋና ፍጥነቱ ብቻ ይቀራል፤ መንቀጥቀጡ፥ ላቡና እንቅልፍ ማጣቱ ከዚህ የመጣ ነው። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፤ ከዚያም በኋላ ሰውየው የሌለውን እስከ ማየትና የት እንዳለ እስከ መርሳት ሊደርስ፥ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው፥ በተለይም ጧት እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፥ በሐኪም እጅ ሆኖ እንጂ በጓደኞች ውሳኔ በአንድ ሌሊት መጠጥ ማቆም የለበትም። ይህን ቃል ብቻ ይዛችሁ ከዚህ አዳራሽ ብትወጡ የመጣንበት ጉዳይ ተፈጽሟል።

የጫት ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ካቲኖን የሚባለው የጫት ዋና ንጥረ ነገር በአውሮጳ አቆጣጠር በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፥ ባሕርዩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋራ ይመሳሰላል። ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው ነጋዴው በኮባ ጠቅሎ፥ ሾፌሩም መኪናውን አክንፎ በዕለቱ ለማድረስ የሚጣደፈው። የለመደ ሰው ጫት ሲያቆም ድካም ይጫነዋል፤ ልቡ ይከፋል፤ ሌሊት ዱካክ ያስጨንቀዋል። ይህ ከባድ ነው፤ ነገር ግን እንደ መጠጡ ለሞት የሚያሰጋ አይደለም። ጓደኛችን ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ሰው ነበር። ሲቅም የነቃውን አንጎሉን ለማስተኛት ይጠጣል፤ የመጠጡን ድካም ለማባረር በማግሥቱ ይቅማል። ስለዚህ «ጫት ትቅማለህ?» ብሎ ጠይቆ የሚያበቃ አማካሪ የነገሩን ግማሽ ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ገዳዩ ሊሆን ይችላል።

ወንድሞችና እህቶች፤

ስለ ቃላት ጥቂት እንድንናገር ፍቀዱልን። የሚቅምና የሚጠጣ ሰው ስለ ራሱ ሁኔታ የሚናገርባቸው የታወቁ ቃላት አሉት። ያልቃመ ወይም ያላጨሰ ሰው የሚይዘውን መቁነጥነጥ ሐራራ ይለዋል። የጫቱን ሞቅታ ምርቃና፥ ከምርቃና በኋላ የሚጠጣውን መጠጥ ጨብሲ፥ በሕልሙ የሚመጣበትን ጭንቀት ዱካክ ይለዋል። እነዚህ አራት ቃላት ብቻ በትክክል ከተረዱ የአንድ ሰው የሃያ አራት ሰዓት ኑሮ ይታወቃል። እኛ ግን አራቱንም ያወቅናቸው ከመንደር ነው። መማሪያ መጻሕፍቶቻችን የተጻፉት በባዕድ አገር ስለ ባዕድ አገር ሰው ነው፤ ፈተናውንም የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ነገ ከፊታችን የሚቀመጠው ሰው ግን በአማርኛ፥ በኦሮምኛ ወይም በጉራግኛ ነው የሚያወራን። በፈተና ከፍተኛ ማርክ ያገኘው ተማሪ ስለ ዱካክ የሚናገረውን ሰው ቃሉን ባለማወቁ ሳያስተውለው ቢያልፍ ማርኩ ምን ይጠቅመዋል?

ምክር የሚለውም ቃል ራሱ ሊያሳስበን ይገባል። በቋንቋችን መምከር አለ፤ መመካከርም አለ። መምከር ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ የሚሄድ ነው። አባት ልጁን ይመክራል፤ ሽማግሌ ባልና ሚስትን ይመክራል፤ ተመካሪውም ዐንገቱን ደፍቶ ይሰማል። መመካከር ግን ሁለት አፍና ሁለት ጆሮ ይጠይቃል። እኛ ለጓደኛችን ያደረግነው የመጀመሪያውን ነው። ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምረን የሚገባው ሙያ ግን ሁለተኛው ነው። አበው ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ያሉት ለእንደኛ ያለው መካሪ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ የእኛ አሳብ ብቻ አይደለም። ዊልያም ሚለር የተባለው በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና መምህር በአውሮጳ አቆጣጠር በ1982 ወደ ኖርዌይ ሄዶ ነበር። በበርገን ከተማ አጠገብ ባለ ማከሚያ ቤት ውስጥ ከወጣት ባለሙያዎች ጋራ ሲሠራ፥ ወጣቶቹ ጠጪን ሰው እንዴት እንደሚያነጋግር እንዲያሳያቸው ለመኑት። እሱም ሲያሳያቸው በየመካከሉ እያስቆሙ ይህን ለምን እንደ ጠየቀ፥ ያንንስ ለምን እንደ ተወ ይጠይቁት ጀመር። መምህሩ በልማድ ያደርገው የነበረውን ነገር በቃል መናገር የቻለው በተማሪዎቹ ጥያቄ ተገዶ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በ1983 ይህንኑ ጽፎ አወጣ፤ ዘዴውም ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። የዘዴው ፍሬ ነገር አማካሪው ሰውየውን እንዳይከራከረው፥ ይልቁንም ለመለወጥ የሚፈልግበትን ምክንያት ሰውየው ራሱ በገዛ አፉ እንዲናገር በጥያቄና በማዳመጥ እንዲረዳው ነው። ሚለርና ጓደኞቹ በ1993 ባወጡት ጥናት፥ አማካሪው ጠጪውን በተጋፈጠና በተከራከረ መጠን ጠጪው ከአንድ ዓመት በኋላ የሚጠጣው በዝቶ ተገኘ። ይህን ስናነብ የራሳችን መሐላ የማስገባት ዘዴ ትዝ አለን።

ወደ አገራችን እንመለስ። በአዲስ አበባ በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በመላው ኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተባብሮ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በአውሮጳ አቆጣጠር በ2003 ነው። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞቹም መምህራኑም በርክተዋል፤ በአእምሮ ጤና የሚያሠለጥኑ ዩኒቨርሲቲዎችም በየክፍለ ሀገሩ አሉ። እንዲህ ባለ ሁኔታ የተነሣ ሙያ ነውና መምህራኖቻችን በአንድ እጃቸው እያስተማሩ በሌላው እጃቸው እያከሙ መኖራቸውን እናውቃለን፤ ድካማቸውንም እናከብራለን።

መምህራን ከመማሪያ ክፍል ወጥተው ሕዝቡን ሲጠይቁ ምን እንደሚገኝም ምሳሌው ቅርብ ነው። ከዚህ ከአየር ጤና በጅማ መንገድ ወጥቶ ዓለም ገና ላይ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው መንገድ ቡታጅራ ያደርሳል። በዚያ አገር ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ጓደኞቻቸው ከ10,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት አስጠይቀው ውጤቱን በአውሮጳ አቆጣጠር በ1999 አሳትመዋል። ከተጠየቁት ግማሾቹ በዚያን ጊዜ ጫት የሚቅሙ ነበሩ። ከሚቅሙት መካከል ግን በየቀኑ የሚቅሙት 17.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ደግሞም ከሚቅሙት 80 በመቶው በጸሎት ጊዜ አሳባቸውን ለመሰብሰብ እንደሚቅሙ ተናግረዋል።

ይህን ቁጥር ልብ በሉ። የሚቅም ሁሉ ሱሰኛ ነው ብሎ የሚነሣ አማካሪ፥ ከአምስቱ አራቱ ከጸሎታቸው ጋራ አያይዘው የሚቅሙበት አገር ገብቶ ገና አፉን ሲከፍት ጆሮ ያጣል። ጫት ለብዙ ገበሬ የልጆቹ ልብስና የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፤ ለአገሪቱም የውጭ ምንዛሪ ነው። ይህን የምንለው ጫትን ለማመስገን አይደለም። አማካሪው ሊያነጋግረው የመጣው ሰው ዘንድ ጫቱ ምን ቦታ እንደ ያዘ ጠይቆ ሳያውቅ ተው ቢል የሚሰማው እንደሌለ ለማስረዳት ነው። በልማድ በሚቅመውና ሳይቅም መሥራት፥ መተኛትም ሆነ ከሰው ጋራ መነጋገር ባቃተው ሰው መካከል ያለው ልዩነት የሚለየው በጥያቄ ነው።

ሕግስ አለ አይደለም ወይ የሚል ይኖር ይሆናል። አለ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፥ መጠጥም ሆነ ትምባሆ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ከልክሏል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ሕግ ሻጩን ይቆጣጠር ይሆናል እንጂ የተያዘውን ሰው ቁጭ ብሎ አያነጋግረውም። ለማነጋገር የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱን የሚያፈሩት ደግሞ መምህራን ናቸው።

ክቡራን መምህራን፤

አሁን ወደ እናንተ የምናቀርበው ልመና አራት ነው፤ አራተኛው ግን የእኛ የራሳችን ግዴታ ነው።

አንደኛ፥ ልምምዱ እስከ መጨረሻው ዓመት እንዳይቆየን። በሽተኛ ሳያይ ሦስት ዓመት የተማረ የሕክምና ተማሪ እንደማይኖር ሁሉ፥ ሱስ የያዘውን ሰው ሳያዳምጥ ስለ ሱስ የሚመረቅ ተማሪም ሊኖር አይገባም። በየሰፈራችን ጤና ጣቢያ አለ። እናንተ አጠገባችን ሆናችሁ፥ ባለጉዳዩም ፈቅዶ፥ በመጀመሪያ ዝም ብለን እንድናዳምጥ፥ ቀጥሎም እንድንጠይቅ አድርጉን። ስንሳሳት እንደ ኖርዌዮቹ ወጣቶች በመካከል አስቁሙን፤ እኛም እናንተን እንድናስቆም ፍቀዱልን።

ሁለተኛ፥ የሙያው ቃላት በአገራችን ቋንቋዎች ይሰብሰቡ። ተማሪው ከየመጣበት አገር የሚያውቃቸውን ቃላት ያምጣ፤ መምህሩ ከሳይንሱ ቃል ጋራ ያስተያየው፤ ማኅበራችንም በዚህ በማባዣ መሣሪያ አባዝቶ ያድለው። ወጪው ወረቀትና ቀለም ብቻ ነው።

ሦስተኛ፥ በገዛ ግቢያችን ሱስ የያዘው ተማሪ የት ይሂድ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ነገር ግን ቢናገር ወደ ሥነ ሥርዐት ጉባኤ ይልኩኛል ብሎ የሚፈራ ተማሪ በሽታውን ቢደብቅ ሊፈረድበት አይገባም። እርዳታ ፈልጎ በራሱ እግር የመጣ ተማሪ የተናገረው ቃል ከአማካሪው ክፍል እንዳይወጣ፥ ስሙም ለቅጣት እንዳይተላለፍ በጽሑፍ የተረጋገጠ ደንብ እንዲወጣ መምህራኖቻችን ከእኛ ጋራ እንዲቆሙ እንለምናለን። ጓደኛችን እንዲህ ያለ ክፍል መኖሩን ቢያውቅ ኖሮ እኛ ተማሪዎቹ ሐኪም መስለን ባልቀረብነው ነበር።

ከዚህ ጋራ አንድ ነገር እንጨምር። በዬል ዩኒቨርሲቲ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1943 ስለ አልኮል የሚያስተምር የክረምት ትምህርት ቤት ሲከፈት፥ ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል የሃይማኖት አገልጋዮችና የትምህርት ቤት መምህራን ይገኙ ነበር። በእኛም አገር ሱስ የያዘው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ንስሐ አባቱ፥ ወደ ሼኩ፥ ወደ ጠበሉ ወይም ወደ ዕድሩ ዳኛ ነው። እነዚህን ሰዎች በክረምት ለጥቂት ቀን ጋብዘን፥ እነሱ የሚያውቁትን ብንማር፥ እኛም ቢያንስ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሐኪም እንደሚያስፈልገው ብንነግራቸው ስንት ሰው ይተርፋል! አከራያችን እትዬ ጠበላቸውን ይዘው በሮጡበት ሌሊት እኛ የያዝነው ነገር አልነበረም።

አራተኛው የእኛው ነው። መምህር ቢያስተምር፥ ክፍል ቢከፈት፥ ደንብ ቢወጣ፥ ተማሪው የጓደኛውን ውድቀት መሳቂያ ካደረገ ወይም እንደኛ ፈራጅ ሆኖ ከተነሣ ሁሉም ከንቱ ነው። ሱሱን ትቶ የተመለሰ ሰው እንደገና ቢወድቅም ይህ በብዙዎች ላይ የሚደርስ ነገር መሆኑን ተምረናል። ሐሰተኛ ነህ ብለን ከማባረር ይልቅ በምን ሰዓት፥ ከማን ጋራ፥ ምን ተሰምቶት እንደ ወደቀ ብንጠይቀው ለሚቀጥለው ጊዜ ይዘጋጅበታል።

ባለፈው ወር ጓደኛችን ደውሎልን ነበር። እንደ ቀድሞው ብንሆን ኖሮ፥ «ተውከው ወይስ አልተውከውም?» ብለን እንመረምረው ነበር። በዚህ ጊዜ ግን እንዴት እንደሚያድር፥ ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ፥ ከሁሉ የሚከብደው የትኛው ሰዓት እንደ ሆነ ጠየቅነውና ዝም ብለን ሰማነው። የሚከብደው ሊመሽ ሲል መሆኑን፥ በዚያ ሰዓት ከእኅቱ ልጆች ጋራ ቁጭ ብሎ ሒሳብ እንደሚያስጠናቸው ነገረን። አንድ ሰዓት ያህል አወራን። ስልኩን ሊዘጋ ሲል ለመጪው ዓመት የምዝገባው ቀን መቼ እንደ ሆነ ጠየቀን።

ቀኑን ነግረነዋል። ሲመጣ እኛም፥ ግቢያችንም፥ መምህራኖቻችንም በምን አኳኋን እንደምንቀበለው ከዛሬ ጀምሮ እንመካከር።